ከ200 ሊትር በርሜል ስሞከር መሥራትና አዲስ አበባ ላይ ፍርምባ ማብሰል

የጓሮ ጢስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 200 ሊትር የብረት በርሜል አለኝ፤ ክዳኑ በብረት ቀለበት የሚታሰረው ዓይነት ነው። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ የምግብ ዘይት መሆኑን ይናገራል፤ ውስጡ ግን ቀይ ቡናማ ቀለም ተቀብቷል። አሜሪካኖቹ አግሊ ድረም ስሞከር የሚሉትን ልሠራበት ፈልጌ ነበር፤ ከሰሉ ከታች፣ ሥጋው ከላይ፣ ከስር በሚገባው አየር ሙቀቱን እየተቆጣጠሩ ቀስ ብሎ የሚያበስለውን።

ችግሩ ያገኘሁት መመሪያ ሁሉ ለእነሱ አገር የተጻፈ ነው። ከሰላቸው ብሪኬት (ተፈጭቶ ተጨምቆ የተሠራ ከሰል)፣ ሥጋቸው እህል ጠግቦ የሰባ ወይፈን፣ ዕቃቸው ከሱቅ ተገጣጥሞ የሚገዛ። ስለዚህ እነዚህን ብትነግሩኝ፦ የውስጡን ቀለም እንዴት ላስለቅቀው? ቀዳዳው ስንት፣ የት ቦታ፣ በምን ስፋት ይሁን? የእኛ ከሰል ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ይዘልቃል? ፍርምባ የውስጥ ሙቀቱ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይወጣል ይላሉ፤ ለእኛም በሬ ይሠራል ወይ? ለፋሲካ ሃያ ሰው ያህል ለማብላት ነው ሐሳቡ።

---

ብረት አቅኚ

ወንድሜ፣ ከበርሜሉ እንጀምር። የምግብ ዘይት ከሆነ ተገላግለሃል። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልንገራችሁ፦ ሬንጅ፣ ፀረ ተባይ፣ የቀለም ማቅጠኛ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል የያዘ በርሜል በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። “በእሳት ይጠራል” የሚል ሻጭ ይኖራል፤ እለፉት። ምናለሽ ተራ ስትገዙ ክዳኑን አስከፍታችሁ አሽትቱ፤ የይዘቱ ጽሑፍ ሆን ተብሎ የተፋቀ ከሆነም ተዉት። ዚንክ የተለበጠ በርሜልም አይሆንም።

ያ ቀይ ቡናማ ነገር ኤፖክሲ ነው፤ በሳሙናም በሶዳም አይለቅም። መቃጠል አለበት። ከማቃጠልህ በፊት ግን የአየር ቀዳዳዎቹን ብሳ፤ ያለ ታች አየር እሳቱ ከላይ ብቻ ይነድና የታችኛው ግማሽ ሳይጠራ ይቀራል። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አንስተህ፣ ደረቅ የባህር ዛፍ ፍልጥ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሞልተህ አንድደው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠንካራ እሳት ይፈልጋል። የኤፖክሲው ጭስ መርዛማ ነው፤ ቤት በተጠጋጋበት ግቢ ውስጥ አይደረግም፤ ገላጣ ቦታ ውሰደው፣ ከነፋሱ በላይ በኩል ቁም። ታሽጎ የቆየን በርሜል ደግሞ ሁለቱን ታፖ ሳይከፍቱ እሳት አጠገብ ማቅረብ ማለት ቦምብ መሥራት ነው።

ሲበርድ አመዱን ደፍተህ በግራይንደር ላይ በሚገጠም የሽቦ ብሩሽ ውስጡን ጥረግ፤ አፍንጫህን በጭምብል ሸፍን። ከዚያ በምስማር ጫር ጫር አድርገህ እይ። የሚያበራ ብረት ከወጣ ጠርቷል፤ ቆዳ መሰል ነገር ከተላጠ ሁለተኛ እሳት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሳይለቅ የሚቀረው የታችኛው ስፌት ዙሪያ ነው፤ አመድ ስለሚሸፍነው እሳቱ አያገኘውም። በሳሙና አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ያኔውኑ የምግብ ዘይት ቀባው። ራቁት ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ልኮቹ እንዲህ ናቸው። የበርሜሉ የውስጥ ስፋት 57 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 85 ገደማ ነው።

የአየር መግቢያ፦ ከወለሉ እስከ ቀዳዳው መሃል 6 ሴንቲ ሜትር፣ በዙሪያው እኩል ርቀት ተይዞ። የአሜሪካኖቹ ልክ ባለ 3/4 ኢንች ቱቦ ሦስት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አራት አድርገው፤ ምክንያቱን ስለ እሳት የሚጽፍ ሰው ይነግርሃል። የ3/4 ኢንች ኒፕል (ጥርስ ያለው አጭር የውሃ ቱቦ) ውጫዊ ስፋቱ 26.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀዳዳው 27 ይሁን። በቀጭን ላሜራ ላይ ኒፕሉን አትበይደው፤ ከውስጥም ከውጭም በመቆለፊያ ዳዶ አጥብቀው። ሦስቱ ላይ ታፖ፣ አንዱ ላይ የሚዞር ቫልቭ ግጠም። በቫልቩ በኩል ክርን (የታጠፈ ማገናኛ) ገጥመህ ቱቦውን 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ብታወጣው በየግማሽ ሰዓቱ ከመንበርከክ ትድናለህ።

ጭስ መውጫ፦ ክዳኑ ላይ ባለ 2 ኢንች ታፖ ካለ እሱን መክፈት ይበቃል፤ ወደ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከሌለ ከጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለህ ባለ 16 ሚሊ ሜትር አሥር ቀዳዳ ብሳ፤ ስፋቱ እኩል ነው። ዋናው ነገር መውጫው ከመግቢያዎቹ ድምር እንዳያንስ ነው። አራቱ መግቢያዎች ሙሉ ሲከፈቱ 14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው።

የሥጋው መደርደሪያ፦ ከአፉ 18 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በሦስት ወይም በአራት የአይዝጌ ብረት ቡሎን ላይ ይቀመጣል። ከባለ 8 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል ብረት 55 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት አሳጥፈህ፣ በላዩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብረት በየ2 ሴንቲ ሜትሩ አስበይድ። ብረቱ ለስላሳው ይሁን። ሸንተረር ያለው የግንባታ ፌሮ ስብና ጥላሸት ይይዛል፣ ለመጥረግም ያስመርራል። የዶሮ ቤት ሽቦ የሚዘረጋ ሰው አይቼአለሁ፤ ያ ዚንክ ነው፣ ለምግብ አይቀርብም።

የከሰል ቅርጫት፦ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር። ጎኑ ከቀዳዳማ ላሜራ ይሠራል። ታቹ ግን ጠንካራ ፍርግርግ ያስፈልገዋል፤ ቀጭን ከሆነ በጥቂት ወር ተቃጥሎ ያልቃል። እግሩ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። እንግዲህ ከቅርጫቱ ወለል እስከ ሥጋው 60 ሴንቲ ሜትር መጣ፤ ያ ልክ ነው። ከ50 በታች ከሆነ የሥጋው ስር ያርራል። ከቅርጫቱ ስር አመድ የሚቀበል የብረት ትሪ አድርግ፤ ከፍታው ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ካለዚያ የአየር መግቢያውን ይጋርዳል።

ውጪውን የማርሚታ (የመኪና ጭስ ማውጫ) ቀለም ቀባው። ተራ የዘይት ቀለም ከከሰሉ ትይዩ ያለው ክፍል ላይ በመጀመሪያው ቀን ይላጣል። ውስጡን ቀለም የሚባል አይነካውም።

የበርሜል ላሜራ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የግድ የሚበየድ ነገር ካለ ኤሌክትሮዱ 2.5፣ አምፔሩ ዝቅተኛ፣ ነጠብ ነጠብ እያደረጉ። ያልለመደ በያጅ ቀዳዳ ያበዛልሃል። በቡሎን የሚሆነውን ሁሉ በቡሎን ጨርስ።

---

ሐዋሳ ያለሁት

@ብረት አቅኚ፣ ዚንክ አይሆንም ብለህ መግቢያው ላይ የውሃ ቱቦ ኒፕል ትገጥማለህ። እሱስ ዚንክ አይደለም? ደግሞ ሁለቱም ጫፍ የተዘጋ፣ ሁለት ታፖ ብቻ ያለው በርሜል የገዛ ሰው ምን ያድርግ?

---

ብረት አቅኚ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ኒፕሉ ውስጥ የሚያልፈው ወደ ውስጥ የሚገባ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ቫልቩን በእጅህ ትይዘዋለህ፣ አያቃጥልም። ዚንክ የሚተነው ብረቱ ሲግል ነው፤ እዚያ ቦታ ያን ያህል አይግልም። ከእሳቱና ከሥጋው መካከል ያለው ነገር፣ ማለትም መደርደሪያ፣ ቅርጫት፣ ቡሎን፣ ያለ ዚንክ ይሁን። ከውስጥ በኩል ያለው ዳዶ ጥቁር ብረት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

የተዘጋውን በተመለከተ፦ ሁለቱንም ታፖ ክፈት፣ በሳሙና ውሃ እጠብ፣ ከዚያ ከሚቆረጠው መስመር ትንሽ ዝቅ እስኪል ውሃ ሙላው። ብልጭታ በሚያወጣ መሣሪያ ከመቁረጥ በመሮና በመዶሻ ማስቆረጥ ይሻላል፤ የበርሜል ባለሙያዎቹ ምናለሽ ተራ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። የላይኛውን ክብ ከውስጥ ጠርዙ ከቆረጥከው ክዳኑ ወደ ውስጥ ይወድቅብሃል። ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለህ ጎኑን ቁረጥ፤ ጠርዙ ከክዳኑ ጋር ይቀራል። ከዚያ በበርሜሉ አፍ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ቀለበት ግማሹ ወደ ላይ እንዲወጣ አድርገህ ግጠም፤ ክዳኑ እሱን አቅፎ ይቀመጣል።

---

ዳላስ ከሰል

ስለ እሳቱ እኔ ልግባ። የበርሜል ስሞከር ከሌላው የሚለየው የሥጋው ስብ በቀጥታ ፍሙ ላይ መንጠባጠቡ ነው። የሚያስጎመጀው ሽታ ግማሹ ከእንጨቱ ሳይሆን ከዚያ ነው። ስለዚህ እሳቱ ሁልጊዜ ትንሽ ይሁን፤ እሳቱ ትልቅ ከሆነ ያው ስብ ይነድና ሥጋህን ጥላሸት ያለብሰዋል።

አራት መግቢያ ለምን? ዳላስ ከባህር ወለል በላይ 130 ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ እዚያ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። በአንድ ቀዳዳ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚያንስ የቀዳዳው ስፋት መጨመር አለበት። በሦስት ቀዳዳም 110 ዲግሪ ይደረሳል፤ ለዶሮ 160 ስትፈልግ ነው የሚያጥርህ።

ከሰል፦ የግራር ከሰል አንደኛ ነው፤ ከባድ፣ ጠንካራ፣ ብዙ የሚቆይ። ከአፋር የሚመጣው የፕሮሶፒስ ከሰልም ከዚያ አያንስም፤ ዛፉ ቴክሳስ ውስጥ ሥጋ የሚታጠንበት የመስኪት የቅርብ ዘመድ ነው። የባህር ዛፍ ከሰል ቀላልና ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ ለቡና ማፍያ ይሁን። ከማዳበሪያው ሳትለይ ወደ ቅርጫት አትገልብጥ። ደቃቁን በወንፊት አውጣ፤ ደቃቅ ከሰል አየር ይዘጋል፣ እሳት ከመካከል የሚሞትበት ዋነኛ ምክንያት እሱ ነው። ድንጋይም አይጠፋም፤ ሲግል ይፈነዳል። ያልከሰለ፣ ቡናማ የሆነ ጉማጅ ካየህ ጣለው፤ የሚያንገበግብ ጭስ ያወጣል። ከዚያ ጡጫ የሚያህለውን ከታች፣ እንቁላል የሚያህለውን በየክፍተቱ አድርገህ ጥቅጥቅ አድርገህ ደርድር። 6 ኪሎ ያህል ይይዛል፤ በ115 ዲግሪ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይሄዳል።

አለኳኮሱ ነው ቁልፉ። ቅርጫቱ ሙሉ ያልተቀጣጠለ ከሰል ይሁን። መሃሉ ላይ ጎድጎድ አድርግ፤ በከሰል ማንደጃ ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል አቀጣጥለህ አመድ ሲለብስ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አፍስስ። እሳቱ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይበላዋል። ጋዝ ወይም ላስቲክ ለማቀጣጠያ አትጠቀም፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይቀራል።

አራቱንም መግቢያ ከፍተህ ክደነው። መደርደሪያው ላይ 95 ዲግሪ ሲደርስ ሁለቱን ዝጋ፤ 105 ሲሆን ሦስተኛውን። ከዚያ በኋላ በቫልቩ ብቻ ነው የምትጫወተው፤ አንድ ጊዜ ከነካኸው 15 እስከ 20 ደቂቃ አትንካው። የላይኛው መውጫ ሁልጊዜ ሙሉ ክፍት ነው። ብዙ ሰው ሙቀቱን ከላይ በመዝጋት ሊቀንስ ይሞክራል፤ ያኔ ጭሱ ውስጥ ታፍኖ ሥጋው ምላስ የሚያደነዝዝ ምሬት ያመጣል።

ሙቀቱ ካለፈህ ማውረድ ከባድ ነው። 150 ከደረሰ ሦስቱንም ታፖ ዝጋ፣ ቫልቩን ሩብ አስቀር፣ ክዳኑን እንዳትከፍት። ክዳን ስትከፍት እሳቱ በአንድ ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከዘጋህ በኋላ 20 ዲግሪ ጨምሮ ታገኘዋለህ። ሥጋውን እያየሁ ልጽናና የሚል ሰው የበርሜል ስሞከር አይሆነውም።

እንጨት፦ ጡጫ የሚያክል አራት ወይም አምስት ቁራጭ ከሰሉ መካከል በተለያየ ጥልቀት ቅበር። ወይራ በጣም ጥሩ ነው፤ ጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ያለ ምክንያት አይደለም። ጢሱ ግን ብርቱ ስለሆነ ከሦስት ቁራጭ አትለፍ። ያረጀ የቡና ግንድ ለስለስ ያለ ነው፤ ዘይቱናና ብርቱካንም ይሆናሉ። ባህር ዛፍና ጥድ አይሆኑም፤ ዘይትና ሙጫ አላቸው፣ ሥጋው መድኃኒት መድኃኒት ይላል። የዕቃ ማሸጊያ ጣውላና ቀለም የነካው እንጨት በጭራሽ። በውሃ መዘፍዘፍ ጥቅም የለውም፤ መጀመሪያ እንፋሎት ብቻ ታገኛለህ፣ እሳትህንም ያቀዘቅዛል።

ሥጋው የሚገባው ነጩ ወፍራም ጭስ አልቆ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቢጤ ሲሆን ነው፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ባዶውን በርሜል ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ያለ ሥጋ በ150 ዲግሪ ሦስት ሰዓት አንድደው፤ የቀባኸው ዘይት ጥቁር ሽፋን ሆኖ ይቀራል።

ስትጨርስ ሁሉንም ቀዳዳ፣ የላይኛውንም ጨምሮ፣ ዝጋ። የተረፈው ከሰል ይጠፋል፣ ለሚቀጥለው ይሆንሃል። በረንዳ ስር፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሸራ በወረደበት ድንኳን ውስጥ አይነደድም፤ ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል።

---

ልኳንዳ ቤት

ስለ ሥጋው ዝም ማለት አልቻልኩም። ፋሲካ ብለሃልና ቀኑን አስቀድመህ አስላ። ቅርጫው ቅዳሜ ማታ ይታረዳል፣ እሑድ ምሳ ይቀርባል። የበሬ ሥጋ ከታረደ በኋላ ይደርቃል፤ በመጀመሪያው ቀን የደነደነ ነው። ለጥሬ ሥጋ ገና ትኩስ እያለ ይበላል፣ ለጥብስም በትንሹ ስለሚከተፍ አይታወቅም፤ አራት ኪሎ ፍርምባ እንዳለ ስሞከር ውስጥ ከገባ ግን ጉዱ ይወጣል። በዐቢይ ጾም ደግሞ አብዛኛው ልኳንዳ ዝግ ነው። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለህ፦ እሑድ ዶሮና የበግ ጎድን አብስል፣ የቅርጫውን ፍርምባ ለረቡዕ አቆይ፤ ወይም በጾሙ ክፍት ከሆኑ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ሐሙስ ገዝተህ አሳድር።

ማቆየትም ሥርዓት አለው። ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ሥጋ ወዲያው ፍሪጅ አታስገባ፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ጡንቻው ይኮማተርና ከዚያ በኋላ በምንም አይለሰልስም። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ንጹህ ቦታ ተሰቅሎ ይደር፤ ጠዋት ፍሪጅ፣ ከ4 ዲግሪ በታች፣ ሦስት ወይም አራት ቀን። በዋዜማው ጨው ነስንሰህ ሳትሸፍን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው፤ ላዩ ይደርቃል፣ ጢስም ይይዛል።

ሥጋ ቆራጩን “ፍርምባውን እንዳለ፣ ሳይከተፍ፣ ጮማውን ሳታነሳ” በለው። የእኛ ሰንጋ ፍርምባ ከአሜሪካኑ ያንሳል፣ ስስም ነው፤ ስለዚህ ከ3 ኪሎ በታች አትውሰድ። ጮማው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይቅር፤ ከዚያ የወፈረውን አንሳ። በርሜል ውስጥ ሙቀቱ ከስር ስለሚመጣ የጮማው ፊት ወደ ታች ይሁን። ሥጋው ከነጭራሹ ከሲታ ከሆነ የበግ ጮማ ከላይ ደርብበት።

ሌላ የሚረሳ ቁራጭ ሻኛ ነው። ስብና ጅማት የተሰባጠረበት ስለሆነ ከፍርምባ ይልቅ ስሕተትን ይታገሣል፤ ብራዚሎችም ሻኛን በዝግታ ያበስሉታል። እኔን ብትጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ከሻኛ ቢጀምር ይሻለዋል። ወርችም ይሆናል። ሽንጥና ጭቅና ግን ለዚህ ሥራ አይባክኑ።

ቅመም፦ ለአንድ ኪሎ ሥጋ 10 ግራም ጨው ከዋዜማው፤ ሲገባ ደግሞ ሸካራ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ 7 ግራም። ትንሽ ኮረሪማ አይጎዳም። በርበሬ ከመጀመሪያው አትቀባ፤ ለስምንት ሰዓት ጢስ ሲመታው ይጠቁርና ይመራል። አዋዜህን መጨረሻ ግማሽ ሰዓት ላይ ቀባ፤ ማር ካለበት ደግሞ ሙቀቱ ከ130 እንዳያልፍ።

---

የጓሮ ጢስ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። 96 ዲግሪ የሚለው አሁንም አልተመለሰልኝም። ከስር የውሃ ድስት ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ? ሦስተኛ፣ እሑድ ዶሮ ከሆነ የሐበሻ ዶሮ ይሆናል?

---

ዳላስ ከሰል

96 ለእናንተ አይሠራም፤ ይህን ማንም አይጽፈውም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥጋ ውስጥ ያለው እርጥበትም እዚያው አካባቢ ይተናል። ቴርሞሜትሩ 96 እስኪል የሚጠብቅ ሰው ውሃው ሁሉ ተንኖ እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው፤ የሚያገኘው ቋንጣ ነው። 86 ላይ መፈተሽ ጀምር። ሹል ሽቦ ወይም የቴርሞሜትሩን ጫፍ ወፍራሙ ቦታ ላይ ክተት፤ ለስላሳ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ያለ መያዝ ከገባ ደርሷል፤ ብዙ ጊዜ ከ88 እስከ 90 ላይ ነው። ጅማቱ የሚሟሟው በሙቀትና በጊዜ ድምር ስለሆነ በሙቀት ያጣኸውን በጊዜ ትከፍላለህ። ሐዋሳ ላይ 94፣ ድሬዳዋ ላይ 96 አካባቢ ይፈላል፤ በዚያው ልክ አስተካክሉ።

ቴርሞሜትርህንም በዚሁ ፈትሽ፤ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 92 ካሳየ ደህና ነው። መመሪያው ላይ 100 ይላልና ወደ 100 ብታጠጋጋው ቀኑን ሙሉ በስምንት ዲግሪ ተሳስተህ ትውላለህ። የበርሜሉን ሙቀት ክዳኑ ላይ በተሰካ ባለ ቀስት መለኪያ አትለካ፤ መሃልና ዳር በብዙ ይለያያሉ። መደርደሪያው ላይ ከሥጋው አራት ጣት ራቅ አድርገህ ለካ።

ሌላው የሚያስደነግጠው መቆሙ ነው። ሥጋው 65 ገደማ ይደርስና ሁለትና ሦስት ሰዓት አልንቀሳቀስ ይላል። እሳቱ አልሞተም፤ ሥጋው እያላበ ራሱን እያቀዘቀዘ ነው። ከሰል አትጨምር። ቀለሙ ከጠቆረ በሁለት ድርብ ፎይል ጠቅልለው፤ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ወይም የቀለጠ ጮማ ጨምር፤ ለእኛ ከሲታ ሥጋ መጠቅለል ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ፎይል ቅርፊቱን ያለሰልሳል ለሚል ደግሞ ኮባ አለ፦ በእሳት ለብ አድርገህ እንዲታጠፍ ካደረግኸው በኋላ በሦስት ድርብ ጠቅልል፤ ትንሽ ያስተነፍሳል።

---

ልኳንዳ ቤት

በውሃ ድስት ላይ ከዳላሱ ወንድሜ ጋር ሳንለያይ አንቀርም። እሱ ስቡ ፍሙ ላይ ይንጠብጠብ ይላል። ለዶሮና ለሰባ ሻኛ ልክ ነው። ለከሲታ ፍርምባ ግን እኔ በሁለተኛ መደርደሪያ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ ትሪ ከ2 ሊትር ሙቅ ውሃ ጋር አደርግበታለሁ፤ በሥጋና በከሰል መካከል ጋሻ ይሆናል፣ ስሩም አይደርቅም።

---

ዳላስ ከሰል

ጋሻነቱን አልክድም። ግን ሁለት ሊትር ውሃ ለማትነን ተጨማሪ ከሰል ይሄዳል፤ ቅርጫቱ ቀድሞ ባዶ ይሆንብሃል። ጋሻ ከተፈለገ ውሃ የሌለበት የሸክላ ክዳን ወይም ደረቅ ትሪ እዚያው ቦታ ይቀመጥ። ስብ ሲጠራቀምበት ግን እንዳይነድ ፎይል አልብሰው።

---

ልኳንዳ ቤት

በሸክላው እስማማለሁ።

ዶሮውን በተመለከተ፦ የሐበሻ ዶሮ አይሆንም። ያረጀ፣ የሮጠ ዶሮ ነው፤ ደረቅ ሙቀት አያለሰልሰውም፣ ለወጡ ተወው። ከእርባታ የሚመጣውን፣ ከ1.3 እስከ 1.6 ኪሎ የሆነውን ግዛ። በጀርባው በኩል ሰንጥቀህ ዘርጋው። ለኪሎ 12 ግራም ጨው ማታ ይደርበት። በርሜሉን ከ155 እስከ 165 አድርስ፤ ቆዳው ወደ ላይ። በ110 ዲግሪ የበሰለ ዶሮ ቆዳው ላስቲክ ነው። ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃዋል። ደረቱ 74፣ ጭኑ አጥንት አጠገብ 80 ሲያሳይ አውጣ። አንድ መደርደሪያ ላይ አራት ተሰንጣቂ ዶሮ ይገባል፤ ለሃያ ሰው ከበግ ጎድን ጋር ይበቃል። ለእሱ የሚሆን እንጨት አንድ ቁራጭ ብቻ፤ ዶሮ ጢስ ቶሎ ይጠጣል።

ሥጋው ሲቆረጥ ከቅርፊቱ ስር ቀላ ያለ ቀለበት ይታያል፤ አንድ አክስት “ጥሬ ነው” ማለቷ አይቀርም። የጢሱ ጋዝ ከሥጋው ቀለም ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። ቴርሞሜትሩን አሳያት።

---

ሐዋሳ ያለሁት

የፍርምባውን ቀን በሰዓት ብታስቀምጡትስ? በተለይ ከሰሉ መሃል ላይ ቢያልቅ ምን ይደረጋል?

---

ዳላስ ከሰል

ለ4 ኪሎ ፍርምባ፣ በርሜሉ 120 ዲግሪ ተይዞ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሰል ይለኮሳል። 1 ሰዓት ሥጋው ይገባል። እስከ 5 ሰዓት ክዳን አይነሳም። 5 ወይም 5 ተኩል ላይ ሥጋው 68 ገደማ ሆኖ ቀለሙ ጠቁሮ ከሆነ ይጠቀለላል። 9 ሰዓት ላይ በሹል ሽቦ መፈተሽ፤ ከ9 ተኩል እስከ 10 ተኩል ይወጣል። ከነመጠቅለያው በፎጣ ተሸፍኖ አይስ ቦክስ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ፤ ወዲያው ከተቆረጠ ጭማቂው ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ሲቆረጥ የጡንቻውን መስመር አግድም ተሻግሮ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል። የፍርምባው ሁለት ንብርብር መስመራቸው ይለያያል፤ መሃል ላይ ሰሌዳውን ማዞር ሊኖርብህ ነው።

ከሰል ካነሰ መጀመሪያ ቅርጫቱን በብረት ዘንግ ነቅነቅ አድርግ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀ የሚመስለው አመድ አፍኖት ነው። እውነት ካለቀ ማንደጃ ላይ የተቀጣጠለ አንድ ኪሎ ፍም አዘጋጅተህ ክዳኑን አንሳ፣ መደርደሪያውን ከነሥጋው በሁለት ሜንጦ አውጣና ፍሙን ጨምር። ጥሬ ከሰል አትጨምርበት፤ ሲቀጣጠል የሚያወጣው ነጭ ጭስ እስካሁን የለፋህበትን ያበላሻል። ሥጋው ከተጠቀለለ በኋላ ከሆነ ግን ጣጣው ቀላል ነው፤ ጢስ ከእንግዲህ ስለማይገባው ቤት ባለ የኤሌክትሪክ ምድጃ 130 ዲግሪ አድርገህ ጨርሰው፤ መብራት ካለ።